ማዶ የተሰጣ ልብስ

ጥር 8

ለውድ የአክስቴ ልጅ፣ ለእህት ዓለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ዓለም ነው። ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍቶ ለሚያነበው ሰውም ሰላምታዬ ይድረሰው። ሥራው ነውና አልቀየመውም፤ ሲጨርስ እንደነበረ እንዲያሽገው ብቻ አደራ።

አሁን ቁጭ በይ፤ ከቆምሽ ትወድቂያለሽ። ይህን የምታይውን ጽሕፈት የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ድሮ የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነበር። እኔ «ናፍቀሽኛል በላት» ስለው እሱ «ዘወትር በሐሳባችን ነሽ» ብሎ እንደ መንግሥት መግለጫ ያደርቀው ነበር። የማታ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ያ ቀረ። መምህሯ «እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች። በምን በኩል እንደሆነ አላብራራችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እናም ናፍቀሽኛል።

ስልክ የማልደውለው ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። ድልድዩ ከተዘጋ ወዲህ የከተማችን ስልክም ተዘግቷል፤ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል ነው አሉ። እኔ እንደገባኝ ብሔራዊ ደኅንነት ማለት አባት ከልጁ ድምፅ የሚጠበቅበት መላ ነው።

ልጄ ማዶ መሆኗን ታውቂያለሽ። ዳቦ ጋጋሪውን ካገባች ወዲህ ቤቷ እዚያው ወንዙ ዳር ነው፤ ከፀጉር ቤቴ ደጃፍ ሆኜ የዳቦ ቤታቸውን ጭስ አያለሁ። ድልድዩ ክፍት ሳለ ጠዋት ተሻግራ ትመጣና ፀጉር ቤቴን ስትጠርግ፣ በእኔም ላይ ስታጉረመርም ውላ ትመለስ ነበር። አሁን ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያዋ ነው፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። እናቷ የሞተችብኝ በወሊድ ነው። ይህን ለማንም አላወራም፤ ላንቺም አላወራሁም፤ እጄ ነው የጻፈው።

ድልድዩ ሊዘጋ ሲል ተነጋግረናል፤ ደህና ከሆነች አርብ አርብ አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ጣራው ላይ ባለው ገመድ ታሰጣለች። የእሷን አሰጣጥ በሺህ ሰው መሀል አውቀዋለሁ። አያቷ እንዳስተማረቻት ከትልቅ ወደ ትንሽ ነው የምትደረድረው፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሽርጥ፣ ፎጣ፣ ካልሲ፤ ባለማዕረጉ ከፊት እንደሚሄድበት ሰልፍ። እስካሁን አንድ አርብ አልዘለለችም።

ሁለት ጎረቤት በአጥር ቢጣላ ሽማግሌ ይጠራል። ሁለት አገር ሲጣላ ግን ሆቴል ይከራያል። የእኛውና የማዶው ልዑካን የሚደራደሩበትን ሆቴል ስም ሬዲዮ ሲጠራ እኔ አንድ ደንበኛ ስላጭ ነበር፤ አንቺ የምትሠሪበት መሆኑን ሳውቅ ምላጬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ሰውዬውም በግማሽ ፂም ቀረ። ባለፈው ላኪልኝ ያልኩሽን የፀጉር ማሽን ተይው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጄ ሳትወልድ ድልድዩ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? ያየሽውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ በገዛ እጁ።


የካቲት 1

ለጋሼ፤

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህ ደረሰኝ። አንዳንዱ ፊደል ጋደም ብሏል፤ ቢሆንም ሁሉንም አንብቤዋለሁ። «ናፍቀሽኛል» የሚለው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እኔ የምሠራው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ልዑካኑ ላይ ናቸው፤ ወደ እኔ የሚወርደው ልብሳቸው ብቻ ነው። ስንገባ ስልካችንን እናስረክባለን፤ ስንወጣ ቦርሳችን ይፈተሻል። ስለ እንግዳ ማውራት ከሥራ ያስባርራል። ስለዚህ ምንም አላውቅም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ሆኖም ከሰው ሸሚዝ ጋር ውሎ ምንም አላውቅም ማለት ውሸት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን የሁለቱ ወገን ልብስ ለየብቻ እንዲታጠብ ታዞ ነበር። አንዱ ማሽን ሲበላሽ ትእዛዙም ተረሳ። አሁን የእኛውም የእነሱም ሸሚዝ አብሮ ይሽከረከራል፤ እስካሁን አልተጣሉም። የኮሌታቸው እድፍ አንድ ነው። ስለ አገሩ የተቆጣ ሰው ልብስ አይመስልም ጋሼ። የተቆጣ ሰው ያልበዋል። የእነዚህ ሸሚዝ የሚጨማደደው ወገቡ ላይ ነው፣ ከመቀመጥ። ወይን የፈሰሰበትም ብዙ ነው። የአደራዳሪው ሸሚዝ ብቻ ሁልጊዜ እንደጸዳ ይወርዳል፤ ለምን እንደሚያሳጥበው አላውቅም።

የክፍላቸውን ኪራይ በየሳምንቱ ያራዝማሉ። ስለ ድልድይ የሰማሁት የለም። እጅህ የጻፈውንም አይቻለሁ፤ እኔም እንዳንተው ዝም ብያለሁ። ይህን ለማንም አታንብብ።

እህትህ።


የካቲት 15

ለእህት ዓለም፤

ከደጅ እስከ ጓዳ ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ለማንም አታንብብ ያልሽውን ለማንም አላነበብኩም፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ለነበሩት ብቻ ነው ያነበብኩት። ገና ማንበብ የተማረን ሰው ዝም በል ማለት ጥርስ ላወጣ ሕፃን አትንከስ እንደማለት ነው።

ሚኒስትሩን አታውቂውም። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የዓለምን ጉዳይ ሁሉ ስለሚወስን ነው ሚኒስትሩ የምንለው። ስለ አደራዳሪው ሸሚዝ ሳነብ ብድግ አለ።

«አላልኳችሁም? ለእኛም ለእነሱም ጥይት የሚሸጥ አገር ሰው እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያስታርቀናል?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ያስታርቃል ማን አለህ? ያደራድራል ነው። እርቅ አንድ ቀን ያልቃል። ድርድር ግን አበል አለው።»

«አንተ ይህን ሁሉ መኪና ስትነዳ ነው ያወቅከው?»

«እኔ ያላለፍኩበት ኬላ የለም ወዳጄ።»

«ታዲያ አሁን እዚህ ድልድይ ላይ ምን አቆመህ?»

ሚኒስትሩ ተቀመጠ። እህቱ ማዶ መሆኗን ልብስ ሰፊው ረስቶት ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ አንድ ጧት ይበቃኝ ነበር። ሁለቱን መሪዎች ጎን ለጎን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ፣ አረፋ ቀብቼ፣ ምላጩን ስስል ስለ ድልድዩ አነሣባቸው ነበር። ሊላጭ አንገቱን የሰጠ ሰው ረጅም ንግግር አያደርግም። (ደብዳቤውን የምትከፍተው ወንድሜ፣ የማወራው ስለ ፂም ነው፤ ሌላ ነገር ብለህ እንዳትጽፍብኝ።)

የድልድዩ ዘብም እኔ ጋ ነው የሚቆረጠው። መቀሱ ጆሮው ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። ትናንት «የማዶውን ዘብ ማን ይሆን የሚቆርጠው?» አለኝ። «እኔ ነበርኩ» አልኩት። ያም እንዳንተው ያንቀላፋ ነበር ልለው ስል ይኼኛው አንቀላፍቷል።

አረንጓዴው ብርድ ልብስ አርብ ወጥቷል። ሽርጡ ግን ቀርቷል፤ እጇን ወደ ላይ መዘርጋት ከብዷት ይሆን? እንዲሁ አስቤ ነው። ስለ ሸሚዝ የነገርሽኝ ጥሩ ነው፤ አሁን የምፈልገው ግን ቀኑን ነው። ቀኑን ካየሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ፣ አሁን ደግሞ የመደመር ሒሳብ የጀመረው።


የካቲት 28

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው። ካውያ ይዞ የዋለ እጅ ብዕር አልጨብጥ ብሎኛል።

እንደምታነበው አውቄ ነበር። ልቆጣህ ወረቀት አውጥቼ ሳለ ዛሬ ጠዋት የሆነውን አየሁና ቁጣዬን አሳደርኩት።

የክፍሉ አለቃ ግድግዳ ላይ ትእዛዝ ለጥፏል። ለመጋቢት 20 የሁለቱም ወገን ጥቁር ሙሉ ልብስ እንዲተኮስ፤ መሪዎቹ ራሳቸው ስለሚመጡ የእነሱም። ነጭ ሸሚዝ በስታርች። የትልቁ አዳራሽ ጠረጴዛ የሚለብሰው የከፋይ ጨርቅ። የሁለቱ አገር ባንዲራ፣ የሚሰቀለውም፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ትንሹም። እዚህ ቤት ስሠራ ከፋዩና ትንንሾቹ ባንዲራዎች አብረው ሲታዘዙ ያየሁት ለፊርማ ብቻ ነው። ባንዲራዎቹን ሁለቱንም በአንድ ካውያ ተኮስኳቸው። የእኛው ቀለም ይለቃል፤ የእነሱ ጠርዙ ተተልትሏል።

እርግጠኛ ነሽ ወይ ብትለኝ፣ ነኝ። ልጅህ ሳትወልድ ትደርስላታለህ። አደራ አልልህም፤ ብልህም አትጠብቀውም። የእኔን እንጀራ ግን አስብ።

እህትህ።


መጋቢት 23

ለእህት ዓለም፤

እንደምን አለሽ። እኛ አለን።

የሆነውን ከሬዲዮ ሳይሆን ከእኔ ስሚው። ደብዳቤሽ እንደደረሰ ለሚኒስትሩ ብቻ ነገርኩት፤ ያም ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከመከራየት አይተናነስም። ሰው ሁሉ ሊቆረጥ መጣ። ማዶ ዘመድ የሌለው እዚህ ከተማ ማን አለ? በቀኑ ታጥበን፣ ለብሰን፣ ወደ ወንዙ ወረድን። እኔ የእናቷን ሹራብ ይዣለሁ፤ ስትወልድ ብርድ እንዳይነካት ብዬ።

የማዶዎቹ እኛን አይተው ወጡ። ምን እንደሰማን አያውቁም፤ ለብሰን ሲያዩን ለበሱ። ልጄን አየኋት። ሆዷ ከሩቅ ያስታውቃል። እጇን አነሣች። እኔም ሹራቡን አነሣሁ።

ዘቦቹ ያዩት ግን ወደ ድልድይ የሚተም ሕዝብ ነው፤ የእኛዎቹም የእነሱም። ያ ወንበሬ ላይ የሚያንቀላፋው መሣሪያውን አቀባብሎ «ጋሼ፣ ተመለስ» አለኝ።

«ዛሬ ይከፈታል እኮ።»

«ማን አለ?»

ካውያ ልለው ነበር፤ ዋጥኩት።

እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮ ተናገረ። መሪዎቹ ፍሬያማ ውይይት አድርገዋል፤ በባንዲራዎቻቸው ፊት የጋራ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ድርድሩ ይቀጥላል። ሚኒስትሩ ሬዲዮኑን ዘጋው። ወደ ቤታችን ተመለስን፤ ማዶም እንዲሁ።

በማግስቱ ሁለቱም መንግሥታት አንድ ዓይነት ትእዛዝ አወጡ። ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነው። ወንዝ ዳር መቆም ተከልክሏል። ከወንዙ በሚታይ ጣራ ላይ ልብስ ማስጣትም ተከልክሏል፤ ምልክት መለዋወጫ ነው ተብሏል።

አርብ ደጃፌ ላይ ቆምኩ። ገመዱ አለ። ባዶውን።

በአንቺ አልፈርድም። ደህና ሁኚ።


ሚያዝያ 14

ለጋሼ፤

እንዴት ነህ? ያለ ቀልድ ያለቀ ደብዳቤህ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ምነው በሰደብከኝ።

ከፋዩ ለፎቶው ነበር። ትንንሾቹ ባንዲራዎችም ለፎቶው ነበሩ። ፊርማ የሌለበት ፎቶ እንዲህ ይለብሳል ብዬ አላሰብኩም።

የዚያን ቀን መሪዎቹን በቅርብ አይቻቸዋለሁ። የአንዱ የኮት ቁልፍ ተበጠሰና መርፌና ክር ይዘሽ ውጪ ተባልኩ። የየትኛው እንደሆነ አልነግርህም፤ ለውጥ የለውም። እኔ ደረቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ስሰፋ እነሱ ከራሴ በላይ ያወሩ ነበር። ስለ ጉልበት ሕመም ነው የሚያወሩት። አንዱ ለሌላው የሐኪሙን ስም ይነግረዋል፤ እሱ ደግሞ ደረጃ መውጣት እንዴት እንደሚያቅተው ያሳየዋል። ሳቁ። እንደ አብሮ አደግ ነው የሳቁት። ባይዋደዱ ይሻለኝ ነበር ጋሼ። ቢጠላሉ ኖሮ ድልድዩ የተዘጋው ለአንድ ነገር ነው እል ነበር።

«ድልድዩስ?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ክሩን በጥርሴ ይዤው ነበር። ቁልፉን ሰፍቼ ወረድኩ።

አሁን የደኅንነት ሰዎች ሆቴሉን ሞልተውታል። የድንበሩ ከተማ ሕዝብ ቀኑን ከየት አወቀ ነው ጥያቄው። አስተርጓሚዎቹን መረመሩ፣ ጸሐፊዎቹን መረመሩ። ድልድይ ለመክፈት ያልተሰበሰበ ሰው ይህን ለማወቅ ተሰበሰበ። ወደ ምድር ቤት ገና አልወረዱም።

ልጅቷ እንዴት ናት? በሌላ መንገድ የምትሰማው የለም?

እህትህ።


ግንቦት 21

ለጋሼ፤

መልስህ ቀረብኝ። ፖስታው ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ፖስታው ግን የሌላውን ሁሉ ያመጣል።

ከሆቴሉ ወጥቻለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። አሁን ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፤ ከደብዳቤዬ ጀርባ ያለው አዲሱ አድራሻዬ ነው። እዚህ እድፉ አይዋሽም።

ስለ መሪዎቹ ምንም አላውቅም፤ አንተም እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። ወሩ ደርሷል። አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ ክፉም ቢሆን።

እህትህ።


ሰኔ 12

ለውድ የአክስቴ ልጅ፣ ለእህት ዓለም፤

ሰላምታዬ እንደ ዘገየ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ይግባ። መንገድ ላይ የምትከፍተው ወንድሜም እንደምን ሰነበትክ፤ ጠፋሁብህ አይደል?

ልጽፍልሽ እየተቀመጥኩ እነሣ ነበር። ብዕሩን ስይዝ የሚመጣልኝ እናቷ የሞተችበት ቀን ብቻ ሆነ። የማላውቀውን ከጻፍኩት የሚሆን መሰለኝ። መምህሯም «ምነው ጠፋህ?» ብላ እስከ ፀጉር ቤት መጥታ ነበር፤ «ሁሉንም ጨርሼ ነው» አልኳት።

ባለፈው ሰኞ ዘቡ መጣ። ሊቆረጥ መስሎኝ ፎጣ አነሣሁ።

«መቶ አለቃው ይፈልጉሃል» አለኝ።

ስለ አንቺ ደረሱበት ብዬ ፎጣውን መልሼ ሰቀልኩት። ሚኒስትሩ ከወንበሩ ተነሣና «እኔም እሄዳለሁ» አለ።

«አንተን ማን ጠራህ?» አለው ዘቡ።

«ሳልጠራ መሄድ ልማዴ ነው» ብሎ ተከተለን። ደጅ አስቀሩት።

መቶ አለቃው የደከመው ሰው ነው። ፂሙ አድጎ አንገቱ ላይ ወርዷል፤ ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ባስቀመጥኩት።

«ያን ቀን ሕዝቡን ያወጣኸው አንተ ነህ አሉ። ምልክት ታውቃለህ ማለት ነው» አለኝ።

«እኔ የማውቀው ፊደል ነው፤ እሱም ገና ነው።»

«ማዶ ትእዛዝ ተጥሷል። ዛሬ ጠዋት ጣራ ላይ ልብስ ወጥቷል፤ ደግሞ እንዲሁ የተወረወረ አይደለም፤ በሥርዓት የተደረደረ ነው። ለበላይ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። ምን እንደሚል ንገረኝ» ብሎ አቅርቦ ማያ መነጽሩን ሰጠኝ።

ዓይኔ ላይ አደረግኩት። ወንዙ ዘለለና ገመዱ አፍንጫዬ ሥር መጣ። አረንጓዴው ብርድ ልብስ። ቀጥሎ አንሶላ። ሽርጥ። ፎጣ። ከዚያ ካልሲ በነበረበት ትንንሽ ነጭ ጨርቆች፣ አንዱ ከአንዱ ተጠግቶ፣ እስከ ገመዱ መጨረሻ። ጫፉ ላይ አውራ ጣቴን የምታህል ቀይ ካልሲ። ከትልቅ ወደ ትንሽ። ባሏ አስጥቶት ቢሆን ኖሮ እንደ ሊጥ ከምሮት ይሄድ ነበር። ይህን ያሰጣ እጅ አልጋ ላይ የቀረ ሰው እጅ አይደለም እህት ዓለም። ቆማ ነው ያሰጣችው። እጇን ዘርግታ።

መነጽሩ ጭጋግ ለበሰብኝ።

«ምን ይላል?» አለ መቶ አለቃው።

«ወለድኩ ይላል። ደህና ነኝ ይላል።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ዘቡም አንገቱን አስግጎ ወደ ጣራው አየ።

«ሌላስ?» አለኝ መቶ አለቃው። ለሪፖርቱ እንዳልሆነ ከድምፁ ያስታውቃል።

«ወንድ ይሁን ሴት አይልም።»

መነጽሩን ተቀበለኝና ራሱ አየ። ቆየ። እሱም ልጆች እንዳሉት፣ ካያቸውም እንደከረመ ኋላ ዘቡ ነገረኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ተገልብጦ አነበብኩት፤ እንዲህ ማንበብ መምህሯም አትችልም፤ የራሴ ተሰጥኦ ነው። «ማዶ ልብስ ተሰጥቷል። ተጣርቷል። ለፀጥታ የሚያሰጋ ነገር የለውም» ይላል።

ወረቀቱን አዞረልኝ። «ምስክር ነህና ፈርም» ብሎ ለአውራ ጣቴ ቀለም አቀረበ። ቀለሙን መልሼ ብዕር ጠየቅኩት። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። የአያቴን ስም ስጀምር እጄ ትንሽ ቆመ፤ አያት ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ጨረስኩት።

ደጅ ስወጣ ሚኒስትሩ «ምን አሉህ?» አለኝ። ነገርኩት። ስለ ታላላቅ መንግሥታት አንድም ቃል ሳይናገር እስከ ፀጉር ቤት አብሮኝ ሄደ፤ ይህም በታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ለፀጥታ አያሰጋም ተብሎ በወረቀት ከሠፈረ ዘንድ፣ እኔም የእናቷን ሹራብ አጥቤ ጣራዬ ላይ አሰጣሁት። ዘቡ አየው። ሊቆረጥ መጣና እንደልማዱ አንቀላፋ።

ከሆቴሉ ለምን እንደወጣሽ አትጠይቀኝ ብለሻል፤ አልጠየቅኩም። አውቃለሁ። ከዚያ ከተማ የሚታጠብ ነገር ቢጠፋ እንኳ አንቺ የምታጥቢው አታጪም፤ ነገር ግን ስለ እኔ ብለሽ ያጣሽውን አልረሳም። ከእንግዲህ ስለ ሸሚዛቸው አልጠይቅሽም። እጅሽን ቅባት ቀቢው፤ አርፈሽ ተኚ፤ ስለ ራስሽ ጻፊልኝ።

ሬዲዮ ዛሬ ጠዋት ድርድሩ ደግሞ መራዘሙን ተናግሯል። ይራዘም። በዚህ ድልድይ ጉዳይ ዘንድሮ ሲፈረም ያየሁት ወረቀት አንድ ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

ወንድምሽ፣ ወንድ ይሁን ሴት ገና ያልታወቀ ሕፃን አያት።